ውሃ ጠማኝ ነው የምትለው

ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ባዮሎጂ ማስተማር ከሙቀቱ ጋር ግብግብ ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ይንጣጣል፣ ግማሹ ተማሪ በደብተሩ ያራግባል፣ ግማሹ ዓይኑን ከፍቶ ይተኛል። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ እስላለሁ፣ ውስጡ ትንሽ ክብ እጨምራለሁ፣ ትንሿን በጠመኔ እያንኳኳሁ «ይቺ በድሮ ጊዜ እንግዳ ነበረች» እላለሁ። ቀና የሚሉት ያኔ ነው። እንግዳ ሲባል የድሬ ልጅ ጆሮውን ያቆማል፤ አያቱ ወይ ቅድመ አያቱ ከሌላ ቦታ ያልመጣ ስንት አለ?

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ከማይቆጠር ዘመን በፊት አንዲት ባክቴሪያ ለብቻዋ ትኖር ነበር። የምትፈልገውን ራሷ ትሠራለች፣ ግድግዳዋን ራሷ ትለስናለች፣ የተሰበረባትን ራሷ ትጠግናለች። አንድ ቀን ከእሷ የሚበልጥ ሕዋስ ውስጥ ገባች። ተውጣ ይሁን ሾልካ፣ ማን አይቶ! ብቻ እሱም አልፈጫት፣ እሷም አልገደለችውም። እሱ ምግብ ሰጣት፣ እሷ ጉልበት ሰጠችው፣ እንዲህ እያሉ ከልጅ ልጅ አብረው ተዋለዱ። ዛሬ በየሕዋሳችን ውስጥ ተቀምጣ ጉልበት የምትሠራልን ማይቶኮንድሪያ የእሷ ዘር ናት።

«አቦ ቲቸር፣ ደባል ናት በይና!» ይላል ሁልጊዜ ከኋላ አንዱ።

ደባል ናት። ኪራይ የማትከፍል ደባል፤ ግን የቤቱን መብራት የምታበራው እሷ ናት።

ማይቶኮንድሪያን በዓይን ማሳየት አልችልም፣ የማይክሮስኮፓችን መስታወት ከተሰነጠቀ ቆይቷል። ስለዚህ ከግቢያችን የሎሚ ቅጠል ቆርጬ እወስዳለሁ። ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው ላይ ክሽክሽ አለ፤ ከሰሊጥ የምታንስ፣ የቅጠል ጭማቂ የምትመጥ ተባይ። ሆዷ ውስጥ ለባክቴሪያ ብቻ የተለዩ ሕዋሳት አሏት፣ ጓዳ በሏቸው። የምትመጠው ጭማቂ ስኳር ነው እንጂ ሰውነት የሚገነባ ነገር እምብዛም የለውም። የጎደለውን የሚሠሩላት የጓዳዎቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ፣ ውጭ ወጥተው አያውቁም። ባክቴሪያዎቹን በመድኃኒት ብትገድሉባት ክሽክሿ ወዲያው አትሞትም። ትኮሰምናለች፣ መውለድ ያቅታታል፣ እንዲያው ሆና ትቆያለች።

እኔ የምወደው ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጓዳ የገባችው ባክቴሪያ ዕቃዋ እያለቀ ይሄዳል። ጎረቤትህ ወፍጮ ካለው ሙቀጫህ ቢሰነጠቅ ምን ገዶህ? ብቻዋን ስትኖር ግድግዳ የምትለስንበት ጂን ቢበላሽባት ትሞት ነበር። አሁን ሕዋሱ ስለሚሸፍንላት የተበላሸውን ይዛ ትወልዳለች። ልጇ ደግሞ ሌላ ይበላሽባታል። በሩ ዝግ ስለሆነ የጠፋባትን ከውጭ ባክቴሪያ መዋስ አትችልም። በሺህ የሚቆጠር ጂን ይዘው ገብተው ጥቂት መቶ ብቻ የቀራቸው አሉ። ያጡትን ሁሉ ያጡት ተገፍተው ወይ ተዘርፈው አይደለም፤ ስላልቸገራቸው ነው።

አንድ ዓመት ከፊት የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ መውጣት ብትፈልግስ?»

«መፈለጊያውም ጠፍቶባታል» አልኳት።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም በመልሴ ረካሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሁሉ ደግሜ አጣጣምኩት። ባክቴሪያ እንደማይፈልግ፣ እንደማይከፋው አጥቼው አይደለም፤ ለጨዋታ ነው። አሁን ያንን መልስ አልመልስም። በዚያው ሰሞን ነው እናቴ የወደቀችው።

አባቴ የባቡር ልጅ ነው። አያቴ ከደጋ ወርዶ ሐዲድ ላይ ሠራ፣ አባቴ ደግሞ ከባቡሩ ጥገና ቤት ሳይወጣ ጡረታ ደረሰ። እናቴ ከድሬ ወጣ ያለው የዋሂል ገጠር ልጅ ናት፤ ኦሮሞ፣ እስላም። ወተት ይዛ ወደ ከተማ ስትመጣ ነው የተገናኙት። እሷ ያኔ አማርኛ አንድም ቃል አታውቅም። እሱ እሷን ለማናገር ብሎ ኦሮምኛ ለመደ፤ የሥራ ጓደኞቹ እንደሚሉት ከወተት ዋጋ አልፎ ቀልድ ሁሉ ይሞክር ነበር። ሲጋቡ የሁለቱም ወገን አኮረፈ። እሱ ማተቡን አልበጠሰም፣ እሷም ሶላቷን አልተወችም። ቤታችን ሁለት የሥጋ ድስት ነበር፤ እጀታው ጥቁር የሆነው የእሱ፣ ቀዩ የእሷ። በዐቢይ ጾም ሽሮውን የምትሠራለት እሷ፣ በሮመዳን የማፍጠሪያ ቴምር መርጦ የሚገዛላት እሱ። ጎረቤት «እናንተ ቤት ዓመቱን ሙሉ ጾም ነው» እያለ ይቀልድብን ነበር።

ከዚያ ሥራ ተከፋፈሉ። ገበያ፣ ከገጠር የሚመጣ ዘመድ፣ ውሃ በጋሪ የሚሸጥ፣ በር ላይ ቆሞ የሚጣራ ሁሉ የእሷ ነው። ቀበሌ፣ ፎርም፣ ደብዳቤ፣ የመድኃኒት ወረቀት የእሱ ነው። እሷ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥራለች፣ የምስክር ወረቀቷ ሣጥን ውስጥ አለ፣ ስሟን አሳምራ የጻፈችበት ደብተርም አለ። እኔ ነፍስ ካወቅሁ በኋላ ግን በፊርማ ቦታ አውራ ጣቷን ስታኖር ነው የማውቃት። «እምዬ፣ ለምን አትጽፊም?» ስላት «አባትሽ ያነብ የለ!» ትለኛለች። እሱንም «አባባ፣ ሰውየው ምን ይላል?» ስለው እጁን ወደ ጓዳ ይወረውራል። «እናትሽን ጠይቂያት፣ እኔ ምኑን አውቄው!» ይላል። ጓደኞቹ «ዕድሜ ልኩን ድሬ ኖሮ ኦሮምኛ የማይሰማ ሰው ሙዚየም ነው መግባት ያለበት» ብለው ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። እንደጠፋበት አያውቅም፤ ምክንያቱም አልቸገረውም።

እኔ ሁለቱንም ይዤ አደግሁ። ከእሷ ጋር ለብቻችን ስንሆን ወሬው በኦሮምኛ ነው። የግቢው በር ሲንቋቋና አባቴ ሲገባ ዓረፍተ ነገሩን መሀል ላይ ቆርጣ አማርኛ ትጀምራለች። ማንም አላዘዛትም። እንግዲህ እሱ በገዛ ቤቱ ኦሮምኛ ሳይሰማ ነው ያረጀው።

አንድ ጊዜ፣ አያቴ ስትሞት፣ እናቴ ለሐዘኑ ዋሂል ሄዳ ሳምንት ቆየች። እኔ ያኔ ተከራይቼ ሳቢያን ሰፈር እኖር ነበር። በአራተኛው ቀን አባቴን ላየው ብሄድ ሻይ በዳቦ ይዞ ቁጭ ብሏል። ከሄደች ጀምሮ ያንኑ ነው የበላው። ሸሚዙም ያው ሸሚዝ ነው። «ጨው የት ነው የምታስቀምጠው?» ብሎ ጠየቀኝ። ወይ ጉድ! ሳቅሁበት፣ ለጎረቤትም አወራሁት። ውስጤን ግን አንድ ፍርሃት ያዘው። ይቺ ሴት ከሌለች ይሄ ሰው አይኖርም አልኩ ለራሴ። ይሄንን ፍርሃት ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ያደረግሁትን ያደረግሁት በእሱ ነው።

የወደቀች ዕለት ማለዳ ሎሚዋን እያጠበች ነበር። ክሽክሽ በቅጠሎቹ ላይ ሲበዛ በሳሙና ውሃ በጨርቅ አንድ በአንድ ትጠርጋቸዋለች። «ለተማሪዎቼ ጥቂት ተዪልኝ» እላት ነበር፣ ትስቅብኛለች። አባቴ ባልዲው ሲገለበጥ ሰምቶ ወጣ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ደም ጭንቅላቷ ውስጥ ፈስሷል አሉን። ቀኝ እጅና እግሯ ተያዘ፣ አፏም ተያዘ።

በሦስተኛው ቀን ተናገረች። አባቴ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ፣ «ተናገረች! እሰይ፣ ተመስገን!» እያለ ኮሪደሩን ሞላው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለች?» አለኝ።

የተናገረችው በኦሮምኛ ነበር። በሚቀጥለው ቀንም፣ በሌላውም ቀን በኦሮምኛ። አማርኛዋ ሙልጭ ብሎ ሄዷል። ወጣቱ ሐኪም አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል አለን፣ በልጅነት የገባው ቋንቋ ይቀራል፣ በኋላ የተማሩት ይሄዳል፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። አባቴ አልጋው አጠገብ ተጠግቶ በአማርኛ ቀስ እያለ ሲያናግራት አፉን ታያለች። ሰው የማያውቀውን ሰው በትሕትና እንደሚያዳምጠው ታዳምጠዋለች። አርባ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ነው እኮ! ያን ጊዜ ከክፍሉ ወጥቼ አለቀስኩ።

ወደ ቤት ስንመልሳት አልጋዋን ነፋስ እንዲያገኛት በረንዳው ላይ አደረግንላት። እኔም ዕቃዬን ጠቅልዬ ወላጆቼ ቤት ገባሁ። ሥራዬ «ምን አለች?» ለሚለው መልስ መስጠት ሆነ። ጀርባዋን አሳክኳታል። ትራሱ ከፍ ብሎባታል። ዝንቡን አባርላት። እሱ ይሮጣል፣ ያካል፣ ዝቅ ያደርጋል፣ ያባርራል። እሱ ሲናገር ደግሞ እኔ ወደ እሷ እመልሳለሁ። አንዳንድ ተባዮች የጥንቱ ባክቴሪያቸው ብዙ ሲያጣ ሌላ ሁለተኛ ባክቴሪያ ያስገባሉ፣ የጎደለውን ሥራ እንድትሞላ። ይህንን ለአሥራ አንደኛ ክፍል በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የማልፈው። አሁን እኔ ሁለተኛዋ ደባል ሆንኩ። በመሀላቸው የሚያልፍ ነገር ሁሉ በእኔ ነው የሚያልፈው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ምሳዋን ካበላናት በኋላ፣ በደህናው እጇ የእሱን እጅ ያዘችና «መነ ነ ገልቺ» አለችው።

ቤቴ ውሰደኝ ማለት ነው።

ቤቷ ናት እኮ። የራሷ በረንዳ ላይ፣ የራሷ ሎሚ ፊት ለፊት ነው የተኛችው። ጎንበስ ብዬ በኦሮምኛ «የቱ ቤት እምዬ?» አልኳት። እንደ ሞኝ አየችኝ። «እናቴ ቤት» አለች። እናቷ ከሞተች ስንት ዘመን ሆኗት! የዋሂሉ ቤት ግን አለ፣ አክስቴ ትኖርበታለች። የእናቴ ታናሽ ናት። እዚያ ቢወስዷት የሚያናግራት ሁሉ አፏን፣ ማለት ቋንቋዋን፣ ይሰማል። ውሃ የሚቀዳው ይሰማታል፣ በር ላይ የሚያልፈው ይሰማታል። ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ።

«ምን አለች?» አለ አባቴ።

አየሁት። ሸሚዙ ቁልፉ ተዛንፏል። ጨው የት ነው ያለኝ ሰውዬ ነው። እሷ ብትሄድ አይከተላትም፤ ሳንባው ከደከመ ቆይቷል፣ ያንን አቧራማ መንገድ ሐኪም ከልክሎታል፣ መድኃኒቱም ክትትሉም እዚህ ነው። እሷን ከላክኋት ሁለቱን ለያየሁ ማለት ነው። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ስለ ራሴም ፈርቻለሁ። እዚያ ሄዳ ደስ ቢላትስ? እኛ አርባ ዓመት ምን ነበርን?

«ውሃ ጠማኝ ነው የምትለው» አልኩት።

ተነሥቶ ሄደ። በቆርቆሮ ኩባያ ውሃና ማንኪያ ይዞ መጣ። ውሃ በኦሮምኛ ቢሻን ነው። ድሬ ውስጥ ይሄንን የማያውቅ ሕፃን የለም፣ ሶማሌውም አማራውም ያውቀዋል። ገና ከአፌ ሲወጣ ውሸቱ ታወቀብኝ ብዬ ደንግጬ ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎም አላየኝ። በማንኪያ እየቀዳ ከንፈሯን አራሰላት። በቃ፣ ይቺንም አጥቷታል አልኩ። አዘንኩለት፤ በልቤ ደግሞ ተገላገልኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። ጠዋት ስትነቃ «መነ ነ ገልቺ»። ፊቷን ሳጥባት «መነ ነ ገልቺ»። እሱ «ምን አለች?» ማለቱን ተወ፤ ያቺን ቃል ሲሰማ ራሱ ተነሥቶ ኩባያውን ያመጣል። አንዳንዴ ትጠጣለታለች። አንዳንዴ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ወደ ግድግዳው ትዞራለች፣ ውሃው በአገጯ ይወርዳል፣ እሱ በነጠላው ጫፍ ይጠርግላታል። እኔ ይሄን እያየሁ ፈተና አርማለሁ። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የሌላውን ስህተት ሳከብብ እውል ነበር።

አንድ ዓርብ አክስቴ ከዋሂል መጣች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ እናቴ ስታያት ፊቷ በራ፤ ስንት ጊዜ ያላየሁት ፊት ነው። ተቃቀፉ። አወሩ፤ ስለ ላም፣ ስለ ማሽላ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ። እናቴ ሳቀች። ሳቋ በግማሽ አፏ ነው፣ ግን ሳቅ ነው። ከዚያ የእህቷን እጅ ይዛ ያንኑ ቃል አለቻት። አባቴም ኩባያውን ሊያመጣ ተነሣ።

አክስቴ ኩባያውን አየች፣ እሱን አየች፣ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?» አለችኝ በኦሮምኛ።

ነገርኳት። ምን ልበላት?

ድምፅዋን ሳታነሣ ነው የተቆጣችኝ፤ ያ ነው የባሰው። «አንቺ የተማርሽ ሴት ነሽ። የሰው አፍ ይዘሽ ተቀምጠሽ አፏን ሰረቅሻት? ነገ መኪና ይዤ ልምጣ። በእናቷ ግቢ ጥላ ሥር ትተኛ። እዚያ ሁላችንም አፏ ነን» አለችኝ።

«ፈተናው ይለቅ» አልኳት። «ትንሽ ትጠንክር። እሱ ያለ እሷ ይሞታል» አልኳት።

«እሷስ?» አለችኝ።

አባቴ ከማዶ ቆሞ፣ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ምንድን ነው? ምን ትላለች?» አለ። «መታመሟን ቶሎ ስላልነገርናት ተቆጥታ ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ናት፣ መቆጣት አለባት» አለና አክስቴን በአማርኛ ይቅርታ ጠየቃት። እሷ አማርኛ ትሰማለች፣ ግን አልመለሰችለትም። ስትሄድ በሩ ላይ ጉንጬን ስማ «ስልኬን ታውቂዋለሽ» አለችኝ። እያንዳንዱን ቀን ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ፈተና አለ፣ ነገ ስብሰባ አለ፣ ነገ ሙቀት ነው። እኔ ሰነፍ ሰው አይደለሁም፤ ይቺን አንድ ስልክ ግን መደወል አቃተኝ።

ከዚያ አንድ ቀን እናቴ ዝም አለች። ጠዋት ፊቷን ሳጥባት ጠበቅሁ፣ አላለችም። ምሳ ላይ አላለችም። ማታም አላለችም። በማግስቱም የለም። እከኩልኝ ትላለች፣ አብሉኝ ትላለች፣ ያቺን ቃል ግን ተወቻት። አባቴ ኩባያውን ይዞ እንደ ልማዱ ቢመጣ ራሷ አፏን ከፈተችለትና ጠጣች። እኔስ? እኔ ደስ አለኝ። ለመደች አልኩ። እፎይ ብዬ ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። አሁን ሳስበው በራሴ አፍራለሁ፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ያቺን ቃል በተወች በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሞተች። አባቴ ሊያነቃት ሲሄድ አልነቃችም።

በእስልምናው ሬሳ አያድርም። ጎረቤቶች ተሰብስበው የት ትቀበር ሲባባሉ አባቴ በመሀል ገብቶ «ዋሂል» አለ። «ቤቷ ውሰዷት። አሁኑኑ ውሰዷት።» የጎረቤት ሽማግሌ መንገዱ ለእርስዎ አይሆንም ቢሉት አልሰማም። አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። መልካ ጀብዱ የሚኖር የአክስቴ ልጅ የጭነት መኪና ይዞ መጥቶ ነበር። አቧራው እንደ ጢስ ነው። አባቴ መንገዱን ሙሉ ሳለ። አንድም ጊዜ አቁሙልኝ አላለም።

ዋሂል ላይ ወንዶቹ ወስደው ቀበሯት። አክስቴ አቀፈችኝ፣ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለታዚያው፣ ለሐዘኑ ማለት ነው፣ ሦስት ቀን ተቀመጥን። አባቴ ዳስ ውስጥ ከሽማግሌዎች መሀል ተቀምጦ የሚሉትን ሳይሰማ አብሯቸው «አሚን» ይል ነበር።

ተመለስን። በመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ተቀመጥን፣ አልጋዋን ገና አላነሣነውም። ሎሚው ተረስቶ ክሽክሽ ወርሮታል፣ ቅጠሉ ተኮራምቷል። ልነግረው ወስኜ ነበር። መንገዱን ሁሉ ቃል ስመርጥ ነው የመጣሁት። «አባባ፣ አንድ ነገር በድዬሃለሁ» ብዬ ጀመርኩ። «እምዬ ያቺን ስትል የነበረውን...»

«ውሃ እንዳልሆነማ አውቃለሁ» አለኝ።

ዞሬ አየሁት። እሱ የሚያየው ሎሚውን ነው።

«ሌላውን ሁሉ ረስቻለሁ» አለ። «ያቺን ግን አልረሳሁም። ከዋሂል ያመጣኋት ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ እሷኑ ነበር የምትለኝ። መነ ነ ገልቺ። መነ ነ ገልቺ። እኔ ነገ እላታለሁ፣ በሚቀጥለው ወር እላታለሁ። ማባበያ ቋንቋ የለኝም፣ ስታለቅስ ምን እንደማደርጋት ይጠፋኛል። ተነሥቼ ውሃ እሰጣት ነበር።» ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይልበታል። «ከዚያ አንድ ቀን ዝም አለች። እኔ የዋሁ ለመደች ብዬ ለጓደኞቼ ድግስ ደገስኩ።»

«ታዲያ አሁን ለምን ዝም አልከኝ?» አልኩት። ድምፄ ተቆጣ፤ መቆጣት መብቴ የሆነ ይመስል።

«አንቺ ውሃ ነው ስትዪኝ ደስ አለኝ» አለ። «ልጄ ናት የዋሸችው፣ እኔ አይደለሁም አልኩ። እውነቱን ብትነግሪኝ እወስዳታለሁ እኮ። ከዚያ እኔስ?» ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ትከሻው ብቻ ነው የሚያለቅሰው፤ ድምፅ የለውም።

ምን ልበለው? በየትኛው ቋንቋ ልበለው? ሁለቱንም አውቃለሁ፣ በሁለቱም አንዲት ቃል አጣሁ። ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁና ያንን የቆርቆሮ ኩባያ አንሥቼ ውሃ ቀዳሁለት።